የማማው ጥሪ መጽሔት ላይ ሲወጣ

ሸዋ ሮቢት፣ ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለኢክራማ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህ ሰላምታ ከቆላው ተነሥቶ፣ በጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ፣ ብርዱ ሳያጠወልገው አንቺ ዘንድ ይግባ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ከተቀመጠ መነሣት አይወድም። እናትሽ ሐጂራም ደኅና ናት። ማሽላው ወገቧን አልፏል፤ ምላሷ ግን አሁንም ከማሽላው ይረዝማል። ይህን እንዳትነግሪያት።

ስልኩ ከተዘጋ ወዲህ ስልካችን ሾፌሩ ታደሰ ነው። ሽንኩርት ጭኖ ሲወጣ ደብዳቤዬን ይወስዳል፣ ሲመለስ ያንቺን መጽሔት ያመጣል። ከስልክ የሚለየው መንገድ ላይ ከፍቶ ማንበቡ ነው።

የላክሽውን «አዝማች» መጽሔት ሱፍዋን አነበበልኝ። ፊደሉ ጉንዳን ስለሆነ እኔ አላየውም። ሱፍዋንን ታውቂዋለሽ፤ የጎረቤታችን የፋዲላ ልጅ፣ ከኛ ማሳ በታች ወንዙ ዳር የሚያርሰው። ሽፋኑ ላይ አንድ ጎረምሳ መኪና ተደግፎ ቆሟል። ገለጥ ሲያደርገው ጎረምሳው መኪናው ውስጥ ገብቷል። ደግሞ ገለጥ ሲያደርገው ከመኪናው ወርዷል።

«አባባ፣ ይሄ ሰውዬ ሾፌር ነው እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ ዘፋኝ ነው።»

«ታዲያ የቱ ገጽ ላይ ነው የሚዘፍነው?»

ፈልገን አጣነው። አንዲት ዘፋኝ ከማን እንደተጣላች ተጽፏል፤ ጫማዋ ከየት እንደመጣ ተጽፏል፤ ሠርጓ ላይ ማን እንዳልተጠራ ሁለት ገጽ ሙሉ ተጽፏል። ድምፅዋ ቀጭን ይሁን ወፍራም ግን ለሐሜት አይመችምና ተዘሏል።

እኔ አያትሽ መናኸሪያው በር ላይ ካሴት ስሸጥ ነው ያረጀሁት። ሼኹ ሲያልፉ «አብዱረዛቅ፣ ለአኺራህ የምትይዘው ስንቅ ቴፕ ነው?» እያሉ ሲገስጹኝ ሸጫለሁ። ገዢ መጥቶ የዘፈኑን ስም ቢረሳ፣ «ያቺ መሐል ላይ ልታለቅስ ብላ የምትተወዋ» ይለኝ ነበር። እኔም የቷ እንደሆነች ዐውቄ አነሣለት ነበር። እናንተ ዘንድ ያቺን ልታለቅስ ብላ መተዋን የሰማ አንድ ሰው የለም ማለት ነው? የዘፈን መጽሔት የሚጽፉት ሁሉ ደንቆሮ ናቸው ማለት ነው? አንቺን ጨምሬ ነው።

በሚመጣው ወር ጆሮ ያለው ሰው የጻፈውን ላኪልኝ። ከሌለ ግን ታደሰን አታድክሚው፤ ለሽንኩርት መጠቅለያ ሌላ ወረቀት አለን።

አላህ ከክፉ ይሰውርሽ።
አያትሽ አብዱረዛቅ


አዲስ አበባ፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አያቴ ለአባባ አብዱረዛቅ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። ጉልበትዎ ሥልጣኑን ለቆ ይነሣልዎ፤ የእማዬንም ጤና አላህ ያብዛልኝ። እኔ ደኅና ነኝ።

ደብዳቤዎን ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳነብ ሳቅሁ፤ ሳቄ ሲያበቃ ደግሞ አፈርኩ። አባባ፣ የሚሉት ሁሉ እውነት ነው። አለቃችን ፍፁም ጠዋት ሰብስቦ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ነው፤ «ማን ከማን ተጣላ?» ያልተጣላ ዘፋኝ ለኛ እንደሞተ ነው። ባለፈው ስለ አንዲት ክራር መቺ ጽፌ ነበር፤ ጣቷ ከክሩ ላይ እንዴት እየዘገየ እንደሚነሣ፣ ያ መዘግየት ዘፈኑን ምን እንደሚያደርገው። ፍፁም አንብቦ ሲጨርስ «ጥሩ ነው፤ ባሏ ግን የት ነው?» አለኝ። መጽሔቱን የሚገዛ ሰው እየጠፋ ስለሆነ አሁን ሁሉም ዓይኑን የጣለው በስልክ በሚታየው ገጻችን ላይ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ የሚቆጠረው የሰማው ሳይሆን የነካው ነው።

አንቱ «ደንቆሮ» ስላሉኝ ግን እልህ ያዘኝ። በዒድ ስመጣ እማዬን በር ላይ አስቀምጬ ማሽላ ስትጠብቅ የምትጠራውን የማማውን ጥሪ በስልኬ የቀዳሁትን ያስታውሳሉ? መጨረሻው ላይ እርስዎ ስለሳሉ «አበላሹብኝ» ብዬ የተቆጣሁበትን? ማታ ማታ እሱን ነው የምሰማው። እዚህ ስቱዲዮ ተከራይተው ከሚዘፍኑት ውስጥ እንደዚያ ያለ ድምፅ ያለው አላየሁም። ስለሱ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ደብረ ሲና ለትምህርት ስለተላክሁ ጥሪዎቹን በስም እንጂ በወጉ አላውቃቸውም። «አሽሽ» የሚባለው መቼ ነው? «አውርድ»ስ? ይጻፉልኝ። እማዬንም ያስፈቅዱልኝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ይህ መጽሔት ስለ ዜማ ያውራ።

እጅዎን ስሜ፣
ኢክራማ


ሸዋ ሮቢት፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋዜጠኛዋ ለኢክራማ፤ ከዛሬ ጀምሮ ደንቆሮ መባሏ ለቀረላት፤

ሰላም ላንቺ፤ ከማሽላው ራስ ላይ ዱዓ ቆርጬ ልኬልሻለሁ። ማሽላው ፍሬ ያዘ፤ ግሪሳ ወፉም ወሬውን ሰማ። እናትሽ ጎሕ ሲቀድ ማማዋ ላይ ትወጣለች። ወንጭፏን ስታስጮኸው እኔ ዕንቅልፍ ላይ ሆኜ ዘመቻ የመጣ ይመስለኛል።

ያልሽውን ልንገርሽ። ማሽላ ከሰው ቁመት ሲያልፍ መሬት ላይ ያለ ሰው ዕውር ነው። ውስጡ ማን እንዳደፈጠ፣ ማን በወንዙ በኩል እንደመጣ የሚያየው ማማ ላይ ያለ ብቻ ነው። ከማማዎቹ ሁሉ ከፍ የሚለው የኛ ነው። ስለዚህ ወፍ መከልከሉ የሁሉም ሥራ ነው፤ ወንዙን ማየት ግን የእናትሽ ነው። ከብቱ ዳገቱ ላይ ይውላል። ሮቢ ወንዝ ወርዶ ውኃ የሚጠጣው እሷ ስትፈቅድ ነው።

«አሽሽ» አጭር ነው፤ ዶሮ አንገት ላይ ቢላ ሲያርፍ እንደሚቆረጠው ይቆረጣል። የማናውቀው ሰው ታይቷል፤ ከብትህን ይዘህ ውጣ ማለት ነው። «አውርድ» ደግሞ ረጅም ነው። መጨረሻው ላይ ትጠመዝዘዋለች። ያቺን መጠምዘዝ ሱፍዋን ስንት ጊዜ ሊሠርቃት ሞክሮ፣ ፍየል ያማጠች መስሎ ነው የቀረው። ያቺ ከተሰማች ወንዙ ሰላም ነው፤ ማንም አይጠራጠርም። ዐምና ከብት ዘራፊዎች የመጡ ቀን መሣሪያ አልነበረም ያተረፈን፤ የሐጂራ ጉሮሮ ነው።

አሁን ልብ በይ። ዜማውን እንደልብሽ ጻፊ፤ አሞግሺው፤ ከፈለግሽ እኔንም አሞግሺኝ። የትኛው ጥሪ ምን እንደሚያዝ ግን ጆሮሽ ውስጥ ይቅር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

እናትሽን ጠይቄያታለሁ።

«ድምፄን ምን ልታደርገው ነው?»

«ልትጽፈው።»

«ድምፅ ይጻፋል?»

«አዲስ አበባ የማይጻፍ የለም።»

ትንሽ አሰበችና፣ «እኔ እዚህ ሆኜ ድምፄ ብቻውን ሌላ አገር ምን ይሠራል?» አለችኝ። በሳቅ አለፍኩት። እሷም ዝም አለች። ዝምታዋን ለፈቃድ ቆጥሬልሻለሁ።

አያትሽ፣ የዜማ አማካሪሽ
አብዱረዛቅ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባባ አብዱረዛቅ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ታደሰ ቸኩሎብኛልና አጭር ነው። ጽሑፉ ተቀባይነት አግኝቷል። ፍፁም በጣም ወድዶታል። ትንሽ አሳጥሮታል።

አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። እማዬ ማማ ላይ የምትውለው ብቻዋን ነው? ወንዶቹ በአቅራቢያዋ አሉ? ደግሞ ጥሪውን በየዓመቱ መቀየር ልማድ አለ? ዘንድሮ በሌላ ዜማ ቢጠራ ሰው ይለምደው ይሆን? ለማወቅ ያህል ነው።

መጽሔቱን ዛሬ አልላክሁም፤ አልታተመም። ሲታተም እልካለሁ። እማዬን ሳሙልኝ።

ኢክራማ


ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኢክራማ፤

በሰላም ያቆይሽ። ደብዳቤሽ አጭር ነው፤ ጥያቄው ግን ከመርማሪ ፖሊስ ይበልጣል። እናትሽ ብቻዋን ናት ወይ ትያለሽ። ብቻዋን አይደለችም፤ እኔ ከሥሯ አለሁ። ዘራፊ ቢመጣ በምርኩዜ እንደማላስቀረው አንቺም እኔም እናውቃለን፤ ዘራፊው ግን አያውቅም።

ጥሪ መቀየር ልማድ አይደለም። ከብቱ ራሱ ለምዶታል። ሐጂራ «አውርድ» ስትል ከባለቤቱ ቀድሞ የሚነሣው የሱፍዋን በሬ ነው። ለበሬ እንዴት ብዬ አዲስ ዜማ ላስተምር? አዝማች መጽሔትን ላስነብበው?

አሁን የምሥራች ልንገርሽ። ታደሰ ደብረ ሲና ሻይ ቤት ተቀምጦ ሳለ የእናትሽን ድምፅ ሰማ! ስልክ እዚያ ይሠራል አይደል? ከአጠገቡ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው፣ በስልክ ከፍተው ደጋግመው ይሰሙታል አለ። «አውርድ»ን ብቻ እየመለሱ፣ እየመለሱ። አንደኛው ያቺን መጠምዘዝ ሲሰማ ራሱን ይነቀንቅ ነበር አለኝ። ደረቴ ተነፋ። ይኸው ጆሮ ያለው ሰው ተገኘ አልኩ። ታደሰ «የኛ አገር ሰው ናት እኮ» ቢላቸው፣ «የየትኛው ማሳ?» ብለው ጠየቁት። እንግዲህ ታደሰን ታውቂዋለሽ፤ ተጠይቆ የሚያልፈው ነገር የለም።

ለእናትሽ ስነግራት አልሳቀችም። «ማን ናቸው?» አለች። «ዘፈን ወዳጆች» አልኳት። «ስማቸውን ነው የጠየቅሁህ» አለች። ታደሰም አላወቀውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማማ ላይ ወጥታ ወፉን በወንጭፍ ትመታለች እንጂ እንደ ልማዷ አታንጎራጉርም። በሷ ፈንታ እኔ ባንጎራጉር ወፉ ቀረበ።

እኔ መጽሔቱን እየጠበቅሁ ነው። ታትሞ ሰው ከሰማው፣ ለኔ ያልታተመው ለምንድነው? ይህን ደግሞ በቁም ነገር ነው የምጠይቅሽ።

አብዱረዛቅ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባባ፤

ያለ ሰላምታ የጻፍኩት ይቅር ይበሉኝ። ይህን እንዳነበቡ እማዬን ከማማው ያውርዷት። ለሁሉም ሰው ይንገሩ፤ ከዛሬ ጀምሮ «አውርድ»ን ማንም አይመን።

ስብሰባው ላይ ፍፁም ጽሑፌን ሊጥለው ነበር። «ቆንጆ ድምፅ ያላት ገበሬ፤ ታዲያስ?» አለኝ። ስለ ዜማው ብነግረው ሰዓቱን ያያል፣ ስለ ድምፅዋ ብነግረው ስልኩን ያያል። ያኔ እልህ ይዞኝ «ይህ ዜማ ሰውና ከብት ያድናል» አልኩት። ቀና አለ። እንዴት ሲለኝ ነገርኩት። የቱ ጥሪ ምን እንደሚያዝ፣ ሁሉንም። «ይህ እንዳይጻፍ» አልኩት፤ «እሺ» አለኝ።

ስለ ዜማው የጻፍኩትን በሙሉ ቆርጦ ጣለው። የቀረው እኔ ያልጻፍኩት ነው። ርእሱ «ከዘራፊ የሚሰውረው የቆላዋ ሴት ምስጢር» ይላል። ከሥሩ የእማዬን ድምፅ አስቀምጦ፣ ይህ ሽሹ ማለት ነው፣ ይህ ኑ ማለት ነው እያለ ጽፎበታል። የወንዙም ስም አለ። ያየሁት ገጹ ላይ ከወጣ በኋላ ነው፤ ባለፈው የላክሁልዎ አጭር ደብዳቤ ያን ዕለት የተጻፈ ነው። ከገጹ አጥፋው ብዬ ስለምነው «እንደዚህ የተነካ ነገር አጥፍተን አናውቅም» አለኝ። ኋላ ሳለቅስበት አጠፋው፤ ሰው ግን ቀድቶ አሰራጭቶታል። ሥራውን ለቅቄያለሁ።

ትናንት መናኸሪያ ሄጄ ውዬ ተመለስኩ። ወደ እናንተ የሚወርድ መኪና የለም፤ መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ። ታደሰ እስከቻለው ድረስ ሞክሮ ይህን እንዲያደርስልኝ ለምኜዋለሁ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ማን እንደሆኑ አላውቅም። ዘፈን ወዳጆች ግን አይመስሉኝም።

አባባ፣ እማዬን ያውርዷት።

ኢክራማ


ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢክራማ፤

አላህ ልብሽን ያጽናው። ታደሰ ከጣርማ በር ወዲያ ቆሞ ከርሞ ደብዳቤሽን ያመጣልኝ ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። ጥፋቱን ተካፍለን የምናለቅስበት ጊዜ ይመጣል፤ ዛሬ የሆነውን ልንገርሽ።

ሐሙስ ዕለት፣ የዐስር ሶላት ሊሰገድ ሲል፣ እኔ ማማው ሥር ተጋድሜያለሁ። እናትሽ ከላይ ናት። «አውርድ» ተጠራ። ያቺ መጠምዘዝ፣ አንድም ሳትጎድል።

«ዛሬስ ምነው ቀደምሽ? ከብቱ ገና መች ጠማው?» አልኳት።

ቀና ስል እናትሽ ጥንቅሽ እያኘከች ነው። አፏ ሙሉ ነው። ዓይኗ ወንዙ ላይ ነው።

ጥሪው ደገመ። ከወንዙ በኩል ነው የሚመጣው። ያን ዕለት ማሽላውን የሚያስተኛ ነፋስ ነበር፤ ያ ድምፅ ግን ነፋስ አልነካውም፤ እቤት በር ላይ ቁጭ ብለው እንደሚጠሩት ያለ ነው። መጠምዘዟ ስታበቃ ደግሞ ሰው ሳለ። ልጄ፣ ሳሉ የኔ ነው። እኔ ግን አልሳልኩም።

እናትሽ ጥንቅሹን ተፍታ «አሽሽ!» ብላ ጮኸች። እንደዚያ ስትጮኽ ሰምቼያት አላውቅም። ከታች ደግሞ «አውርድ» አለች። እሷ ሽሹ ትላለች፣ እሷው ኑ ትላለች። ዳገቱ ላይ ያሉት ግራ ገብቷቸው ቆሙ፤ መቆማቸው አተረፋቸው። ሱፍዋን ግን ለወንዙ ቅርብ ነው። የቀረበችውን ሐጂራ አመነ። በሬው ቀድሞ፣ እሱ ተከትሎ፣ ማሽላው ውስጥ ሲገቡ እናትሽ ከላይ ሆና እያየች ነበር። ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጠራችው።

ወንዶቹ ተሰብስበው ሲወርዱ የከብቱ ዱካ ውኃው ድረስ አለ። ከውኃው ወዲያ ግን ድንጋይ ነው፤ ዱካ አይዝም። ሱፍዋን የለም። ደምም የለም። ይህን ሰዎች ለመጽናኛ ይነግሩናል።

ከዚያ ወዲህ ማማ ላይ የወጣ የለም። ግሪሳው ማሽላውን እያራገፈው ነው፤ ማንም እጁን አላነሣም። እናትሽ ከቤት ሳትወጣ ሰነበተች። ደብዳቤሽን አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ ወረቀቱን ተቀብላ አጥፋ መልሳ ሰጠችኝ። አልረገመችሽም፤ እንደዚያ ብላ እንዳትገምቺ።

ዛሬ ጠዋት የሱፍዋን እናት ፋዲላ መጥታ በራችን ላይ ተቀመጠች። ትሰድበናለች ብዬ ስጠብቅ፣

«ሐጂራ» አለች፣ «ልጄ የሄደው ድምፅሽን ሰምቶ ነው። ካለ፣ የሚመጣውም ድምፅሽን ሰምቶ ነው። አንዴ ጥሪልኝ።»

እናትሽ ነጠላዋን አገልድማ ተነሣች። ማማው ላይ ወጣች። አገር ሁሉ በየደጁ ቆመ። ድምፅዋ ተሰነጣጥቋል፣ ግን ጠራች፤ «አውርድ»ን፣ ረጅሙን፣ እስከ መጠምዘዟ። ግሪሳው እንኳ ዝም ያለ መሰለኝ።

ከወንዙ ማዶ መልስ መጣ። ያው፣ የራሷ ድምፅ።

ዘራፊዎቹ አሁንም እዚያው አሉ ማለት ነው። ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። ፋዲላ ግን ብድግ አለች። «መላሽ ካለ ልጄም አለ» አለችና ቁልቁል ሄደች። «ኧረ አንቺ ሴት!» ብለው ሁለት ሰዎች ቢይዟት በጥርሷ አስለቀቀቻቸው። እናትሽ ከማማው ወረደች። ወደኔ መጥታ እጄን ሳመች።

«አባባ፣ ብቻዋን አትሄድም» አለችኝ።

«አንቺ ሄደሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ድምፁ የኔ ነው» አለችኝና ተከተለቻት። ማሽላው ዋጣቸው። አሁን ወንዶቹ ሰብሰብ ብለው እየወረዱ ነው። ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ እኔ ማማው ሥር ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ። እስካሁን የተሰማ ነገር የለም።

ታደሰ ሞተሩን አስነሥቶ «አባባ፣ መንገዱ ዳግም ሳይዘጋ ልውጣ» እያለ ይጮኽብኛል። ስለዚህ መጨረሻውን ሳላውቅ ልሰጠው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ። ስልኩ በቅርቡ ይከፈታል ይላሉ። ተከፍቶ፣ ተደውሎልሽ፣ የእናትሽ ድምፅ «ነይ» ቢልሽ፣ እንዳትመጪ። የኔን የእጅ ጽሑፍ እስክታዪ ድረስ እንዳትመጪ።

አያትሽ
አብዱረዛቅ